ብሩስ ሊ ከዛሬ ዘመን ተፋላሚዎች ጋር ቢገናኝ

በዚህ ዓመት የክርክር ማኅበራችን ካቀረባቸው አርእስት ሁሉ አዳራሹን ጢም አድርጎ የሞላው አንድ ነበር። ይኸውም «ብሩስ ሊ ዛሬ በሕይወት ኖሮ ከዘመናችን ተፋላሚዎች ጋር ቢጋጠም ያሸንፋልን ወይስ ይሸነፋል?» የሚል ነው። ተከራካሪዎቹ በብርቱ ተሟገቱ፤ ነገር ግን ከሁለቱም ወገን የቀረበው ማስረጃ ከፊልም የተወሰደ ነበር። አንዱ «በአንድ ጊዜ ሃያ ሰው ሲጥል በዓይናችን አይተነዋል» ሲል፥ ሌላው «ያ ሁሉ ጨዋታ ነው» ብሎ ይመልስ ነበር። በመጨረሻ ድምፅ ሲሰጥ እኔም እጄን ያነሣሁት ለብሩስ ሊ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ስለ ከነከነኝ ፊልሙን ትቼ የሰውዬውን ታሪክ ለመመርመር ተነሣሁ። ያገኘሁትን ከዚህ ቀጥሎ ለአንባብያን አቀርባለሁ፤ እጄን ያነሣሁት በስሕተት እንደ ነበረም አስቀድሜ እናዘዛለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ብሩስ ሊ የተወለደው በኖቬምበር 27 ቀን 1940 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ነው። አባቱ ሊ ሆይ ቹን የካንቶን ኦፔራ ተጫዋች ነበርና በዚያን ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ትርኢት ለማሳየት ባሕር ተሻግሮ ነበር። ሕፃኑ ገና በዕቅፍ ሳለ ወላጆቹ ወደ ሆንግ ኮንግ ይዘውት ተመለሱ፤ በዚያው በ1941 ዓ.ም. መጨረሻ የጃፓን ጦር ከተማይቱን ያዘ። እንግዲህ ልጅነቱ ያለፈው በመጀመሪያ በወረራ፥ ቀጥሎም ከቻይና ምድር በተሰደደ ሕዝብ በተጨናነቀች ከተማ ውስጥ ነው። የአባቱን ሞያ ተከትሎ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በፊልም ላይ ይታይ ነበር። ይህን ነገር አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ፤ ብሩስ ሊ አስቀድሞ ተዋናይ፥ ኋላ ተፋላሚ ሆነ እንጂ ተፋላሚ ሳለ ወደ ፊልም የገባ ሰው አይደለም።

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ በሆንግ ኮንግ አጠገብ በምትገኘው በማካዎ ከተማ ብዙ የተወራለት አንድ ግጥሚያ ተደረገ። ጊዜው ጃንዋሪ 1954 ዓ.ም. ነው። ዉ ጎንግዪ የተባለው የታይ ቺ መምህርና ቻን ሃክ ፉ የተባለው የነጭ ሽመላ ስልት መምህር በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት መድረክ ላይ ወጡ። ሕዝቡም ከአባቶች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን ምሥጢራዊ ጥበብ ለማየት ጓጉቶ ነበር። የታየው ግን ሌላ ነው። በፊልም ተቀርጾ የቀረውን ያየ ሰው እንደሚፈርደው፥ ሁለቱ የተከበሩ መምህራን በልምምድ ጊዜ የሚያሳዩት ያማረ አቋቋም ሁሉ ጠፍቶባቸው እጃቸውን እንደ ገበያ ጠበኛ ሲያወናጭፉ ይታያሉ። ደም ፈሰሰ፤ በሁለተኛው ዙር ዳኞቹ አስቆሙት፤ አሸናፊም ሳይታወጅ ቀረ። ቢሆንም የሆንግ ኮንግ ወጣት ሁሉ በጥበቡ ፍቅር ተቃጠለ። በየፎቁ ጣራ ላይ የአንዱ መምህር ደቀ መዛሙርት ከሌላው ደቀ መዛሙርት ጋር ተደብቀው መፋለም ጀመሩ። ብሩስ ሊም ዊንግ ቹን የተባለውን ስልት ለመማር ወደ መምህር ኢፕ ማን ዘንድ የገባው በዚህ ዘመን ነው፤ አብዛኛውንም ትምህርት ያገኘው በጣራ ላይ ፍልሚያ ስሙ ከገነነው ከታላቁ ደቀ መዝሙር ከዎንግ ሹን ሌውንግ ነው።

ለእኛ ለተማሪዎች ደስ የሚለው ደግሞ በ1958 ዓ.ም. የሆነው ነው። በሆንግ ኮንግ ትምህርት ቤቶች መካከል በተደረገው የቦክስ ውድድር ብሩስ ሊ የትምህርት ቤቱ ወኪል ሆኖ ቀረበ። የገጠመውም ቀደም ሲል ሻምፒዮን የነበረ የእንግሊዛውያን ትምህርት ቤት ተማሪ ነው። ብሩስ ሊ ጓንት አጥልቆ፥ በዳኛ ፊት፥ በተጻፈ ሕግ ገጥሞ አሸነፈው። እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ በሕግ የተመዘገበ ውጊያው ይኸው የተማሪ ቤት ግጥሚያ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ለገንዘብም ሆነ ለሻምፒዮንነት ከባለሞያ ጋር መድረክ ላይ ወጥቶ አያውቅምና። በዚያው ዓመት በቻቻ ዳንስ ውድድር አንደኛ መውጣቱን መጨመር አለብኝ፤ ይህን የምጽፈው ለፌዝ አይደለም፤ የእግሩ ቅልጥፍና ከየት እንደ መጣ ስለሚያስረዳ ነው።

በ1959 ዓ.ም. ወላጆቹ፥ የጎዳና ጠብ አንድ ቀን ያጠፋዋል ብለው ስለ ፈሩ ወደ ተወለደበት አገር ላኩት። በሲያትል ከተማ በምግብ ቤት አሳላፊ ሆኖ እየሠራ ትምህርቱን ቀጠለ፤ በ1961 ዓ.ም. ወደ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ገባ። የመጀመሪያ ተማሪው ጄሲ ግሎቨር የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ የጁዶ ሰው ነበረ። በ1960 ዓ.ም. አንድ የካራቴ ባለሞያ ደጋግሞ ቢፈታተነው በከተማው ወ.ወ.ክ.ማ. አዳራሽ ውስጥ ገጠመው። ሰዓት ይዞ የነበረው ሰው እንደ መሰከረው ነገሩ በ11 ሰከንድ አልቋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የብሩስ ሊን እውነተኛ ማንነት የሚያሳየው ግን በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በኦክላንድ ከተማ የሆነው ነው። በዚያ ከተማ ማስተማሪያ ቤት ከፍቶ ሳለ ዎንግ ጃክ ማን የተባለ፥ እንደ እርሱ ወጣት የሆነ የሰሜን ቻይና ስልት አዋቂ ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ ገጠመው። የጠቡ ምክንያት እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው። የብሩስ ሊ ወገኖች «ቻይናዊ ላልሆነ ሰው ጥበቡን አታስተምር ተብሎ ነው» ይላሉ፤ የዎንግ ወገኖች ደግሞ «ብሩስ ሊ በሕዝብ ፊት ስለ ታበየ ነው» ይላሉ። የፈጀው ጊዜም እንዲሁ ነው፤ ባለቤቱ ሊንዳ ሦስት ደቂቃ ያህል ነበር ስትል፥ ከሌላው ወገን ከሃያ ደቂቃ በላይ ነው የሚል ተነሥቷል። ዝግ በር ውስጥ የነበሩት ምስክሮች ጥቂቶች ናቸውና ታሪክ ጸሐፊ በዚህ ላይ ለመፍረድ ይቸገራል።

በአንድ ነገር ግን ከራሱ ከብሩስ ሊ ወገን የመጣው ቃል ይበቃናል። ይኸውም ከውጊያው በኋላ ደስ ሳይለው መቅረቱ ነው። ባላጋራው ወደ ኋላ ሲሸሽ እርሱ ሲያሳድድ ትንፋሹ አጠረ፤ የተማረው ዊንግ ቹን ፊት ለፊት ተጠግቶ ለቆመ ሰው የተዘጋጀ እንጂ ለሚሮጥ ሰው የሚሆን ሆኖ አልተገኘም። አሸንፌአለሁ የሚል ሰው እንደዚህ ሲያዝን ማየት የተለመደ አይደለም። እኔ በበኩሌ በሕይወቱ ውስጥ ትልቁ ቀን ይህ ይመስለኛል፤ ከፊልሞቹም ሁሉ ይበልጣል።

ከዚያ ወዲህ ልምምዱን ከሥር መሠረቱ ለወጠው። በየቀኑ መሮጥ፥ ገመድ መዝለል፥ ብረት ማንሣት ጀመረ። ከምዕራባውያን ቦክስ እግር አረማመድን፥ ታላቅ ወንድሙ ፒተር ከሚያውቀው ፌንሲንግ ከሚባለው የሰይፍ ስፖርት ደግሞ የፊተኛውን እጅ እንደ ሰይፍ ጫፍ አርቆ መላክን ወሰደ። በ1967 ዓ.ም. ይህን አካሄዱን «ጂት ኩን ዶ» ብሎ ሰየመው፤ የባላጋራን ቡጢ ከመድረሱ በፊት በመንገድ የመጥለፍ ስልት ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ካራቴ ውድድር ቡጢው ሰውነት ሳይነካ የሚቆምበት፥ ነጥብ ብቻ የሚቆጠርበት ነበር። ብሩስ ሊ ግን ተማሪዎቹን የራስ መከላከያና ጓንት አልብሶ እውነተኛ መመታታት እንዲለማመዱ ያደርግ ነበር። ዛሬ ይህ በማናቸውም የልምምድ ቤት የሚደረግ ስለ ሆነ አያስገርምም፤ በዘመኑ ግን እንግዳ ነገር ነበር።

ከቡጢና ከእርግጫ ሌላ ትግል የሚባል ነገር መኖሩን ያሳየው ጂን ሌቤል ነው። ሌቤል የአሜሪካ የጁዶ ሻምፒዮን የነበረ ሲሆን በ1963 ዓ.ም. በሶልት ሌክ ሲቲ ማይሎ ሳቬጅ ከተባለ ቦክሰኛ ጋር ተጋጥሞ በአራተኛው ዙር አንቆ የጣለው ሰው ነው። ብሩስ ሊ በ1966 ዓ.ም. «ዘ ግሪን ሆርኔት» በተባለው የቴሌቪዥን ትርኢት ላይ ሲሠራ ሌቤል በዚያው ይሠራ ነበር። ሌቤል ራሱ እንደ ተረከው፥ ብሩስ ሊን አንድ ቀን እንደ ጆንያ በትከሻው ተሸክሞ ሲዞር እንገድልሃለን እስከሚል ድረስ አናደደው። ቀልዱ ካበቃ በኋላ ግን ሁለቱ ተወዳጁ፤ አንዱ እርግጫ፥ ሌላው ማነቅንና ክርን መቆለፍን አስተማሩ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በዓለም ፈጣን የተባለውን ሰው አንድ ከእርሱ የሚከብድ ታጋይ በጨዋታ አንሥቶ ሊሸከመው ቻለ። በዕለቱ የተሳቀበት ነገር ለጥያቄአችን ዋና ማስረጃ ነው።

በ1970 ዓ.ም. ብረት ሲያነሣ ወገቡን ክፉኛ ተጎዳ። ሐኪሞች ዳግመኛ መርገጥ አትችልም ብለውት ነበር። ለወራት ተኝቶ ሳለ ያነብና ይጽፍ ነበር፤ ማስታወሻዎቹም ከሞተ በኋላ በ1975 ዓ.ም. መጽሐፍ ሆነው ታትመዋል። በዚያው በ1970 ዓ.ም. መጀመሪያ ከእርሱ ዘንድ ሲለማመድ የቆየው የካራቴ ሰው ጆ ሌዊስ ጓንት አጥልቆ በቡጢና በእርግጫ እስከ መጣል የሚደረገውን አዲስ ዓይነት ውጊያ ገጥሞ አሸነፈ፤ ይህም በአሜሪካ የኪክቦክሲንግ መጀመሪያ ይባላል። ሌዊስ የብሩስ ሊ ትምህርት እንደ ጠቀመው መስክሯል። መምህሩ ራሱ ያልገባበትን መድረክ ደቀ መዝሙሩ ገባበት።

ከ1971 እስከ 1973 ዓ.ም. የሠራቸውን ፊልሞች ታላላቆቻችንም እኛም ስለምናውቃቸው አልዘረዝራቸውም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ72 ሴንቲ ሜትር ያህል፥ ክብደቱ 60 ኪሎ ገደማ እንደ ነበረ ግን መናገር ያስፈልጋል፤ በፊልም ላይ ትልቅ ሆኖ ስለሚታይ ብዙዎች ይህን አያምኑም። ሩቅ አጥርቶ ለማየትም መነጽር ወይም በዓይን ውስጥ የሚደረግ መስተዋት ያስፈልገው ነበር። የመሐመድ ዓሊን ውጊያ በፊልም ደጋግሞ ያጠና እንደ ነበረ አብረውት የሠሩ ሰዎች ይተርካሉ፤ ከዓሊ ጋር ቢጋጠም ምን እንደሚሆን ሲጠየቅም የራሱን እጅ ትንሽነት አሳይቶ ይገድለኛል እንዳለ ይነገራል። ዓሊ 1 ሜትር ከ91 የሚረዝም ከባድ ሚዛን ነውና መልሱ የአስተዋይ ሰው መልስ ነው። በክርክራችን ቀን ብሩስ ሊ ማንንም ይጥላል ያሉት ጓደኞቼ ራሱ ያላለውን አሉለት።

ሞቱ በጁላይ 20 ቀን 1973 ዓ.ም. በሆንግ ኮንግ ሲሆን፥ አንጎሉ አብጦ በ32 ዓመቱ አረፈ።

ከዚያ በኋላ የፍልሚያ ዓለም እንዴት እንደ ተለወጠ ባጭሩ ልናገር። በ1976 ዓ.ም. በቶኪዮ መሐመድ ዓሊ ከጃፓናዊው ታጋይ ከአንቶኒዮ ኢኖኪ ጋር ገጠመ። ኢኖኪ አብዛኛውን ጊዜ በጀርባው ተኝቶ የዓሊን እግር ሲረግጥ አሥራ አምስት ዙር አልቆ እኩል ለእኩል ወጡ። ዳኛው ከላይ ያነሣነው ጂን ሌቤል ነበረ። በኖቬምበር 1993 ዓ.ም. በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ ዩ.ኤፍ.ሲ. የተባለው ውድድር ሲጀመር ቦክሰኛም፥ የካራቴ ሰውም፥ የሱሞ ታጋይም ክብደት ሳይለይ በአጥር ውስጥ ገቡ። ያሸነፈው ግን በቁመናው የማያስፈራው ብራዚላዊ ሮይስ ግሬሲ ነው፤ ተጋጣሚዎቹን መሬት ላይ እየጣለ አንገታቸውን ይዞ እጅ አሰጣቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሬት ላይ መታገልን የማያውቅ ሰው በዚህ ዓይነት ግጥሚያ ሊያሸንፍ እንደማይችል ዓለም ተረዳ። ቡጢ ብቻ የሚያውቁት ትግልን፥ ትግል ብቻ የሚያውቁት ቡጢን ተማሩ። በ1997 ዓ.ም. ክብደት መለየት ተጀመረ፤ ዛሬ ከ57፥ ከ61፥ ከ66 ኪሎ ያልበለጡ እየተባለ ይከፈላል።

እንግዲህ ብሩስ ሊን በ1973 ዓ.ም. እንደ ነበረ አምጥተን እዚህ አጥር ውስጥ እናስገባው። ከየትኛው ክፍል ይመደባል? ስድሳ ኪሎ ገደማ ነውና ከ61ዱ ክፍል ይመስላል። ነገር ግን የዛሬ ተፋላሚዎች ከሚዛን በፊት ከሰውነታቸው ውኃ አውጥተው፥ ከሚዛን በኋላ መልሰው ስለሚጠጡ፥ በ61 የተመዘነው ሰው በውጊያው ሰዓት ስድሳ ሰባትና ስድሳ ስምንት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ትክክለኛ ቦታው ከሁሉ ትንሹ የ57 ኪሎ ክፍል ነው። እዚያም ቢሆን ሕፃናት አይጠብቁትም።

ቆመው በሚመታቱበት በመጀመሪያው ደቂቃ አደገኛ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። የጎን እርግጫውና የፊተኛው እጁ ፍጥነት የተመሰከረለት ነው። ይሁን እንጂ ተጋጣሚው ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመታና ሲመታበት ያደገ ባለሞያ ነው፤ ብሩስ ሊ ደግሞ ከባለሞያ የተላከ ቡጢ በሙሉ ኃይሉ ስንት ጊዜ እንደ ቀመሰ ታሪክ አያሳይም። ሰውዬው ዝቅ ብሎ ሁለቱን እግሮቹን ቢይዘው፥ ከሌቤል ያገኘው ትምህርት ጥቂት ሊረዳው ይችላል፤ ነገር ግን የወራት ትምህርት ለሃያ ዓመት ታጋይ አይመልስም። አንዱ ዙር አምስት ደቂቃ ነው፤ ለሻምፒዮንነት አምስት ዙር ይደረጋል። በኦክላንድ ያጠረው ትንፋሽ በኋላ በብዙ ሩጫ ተጠግኗል፤ በሰው ክብደት ሥር ተኝቶ ለሚደረግ ድካም ግን ሩጫ ብቻ አይበቃም። የእኔ ፍርድ ሁለተኛውን ዙር አይጨርስም የሚል ነው። ሯጭ ቢሆን ኖሮ ሰዓት ይፈርድ ነበር፤ ተፋላሚ ስለ ሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማቅረብ አልችልም።

«እንግዲያማ ፌዝ ነበር» የሚል ቢነሣ ግን አልስማማም። በኤፕሪል 2017 ዓ.ም. በቻይና በቼንግዱ ከተማ የሆነውን እንመልከት። ዌይ ሌይ የተባለ የታይ ቺ መምህር ሹ ሺያዎዶንግ ከተባለ የዘመናዊ ፍልሚያ አሠልጣኝ ጋር ቢገጥም በአሥር ሰከንድ ገደማ መሬት ላይ ወድቆ ተቀጠቀጠ። ስለዚህ ነገር በቻይና ታላቅ ቁጣ ተነሣ፤ የተቈጡትም በመምህሩ ሳይሆን በአሠልጣኙ ላይ ነው። የማካዎው ግጥሚያ ከተደረገ ስድሳ ሦስት ዓመት አልፎ ሳለ የታይ ቺው መምህር ያንኑ ያማረ አቋቋም ይዞ ቀረበ። ብሩስ ሊ ግን የሦስት ደቂቃም ትሁን የሃያ፥ በአንዲት ውጊያ ብቻ ጉድለቱን አይቶ የተማረውን ሊጥል ደፈረ፤ ያውም ከተሸነፈ በኋላ ሳይሆን አሸነፍሁ ብሎ ሳለ።

በክርክሩ ቀን ማንም ያላነሣው አንድ ነገር ደግሞ አለ። በ57 ኪሎ ክፍል ከ2012 እስከ 2018 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆኖ የቆየው አሜሪካዊው ዲሜትሪየስ ጆንሰን ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 ሲሆን ማዕረጉን 11 ጊዜ ተከታትሎ ጠብቋል። በኦክቶበር 2017 ዓ.ም. በአሥራ አንደኛው ግጥሚያው፥ በአምስተኛው ዙር፥ ተጋጣሚውን ከኋላ አቅፎ ወደ ላይ አነሣውና ገና በአየር ላይ ሳለ ክንዱን ያዘ፤ መሬት እንደ ደረሱም ክርኑን ቆልፎ እጅ አሰጠው። በፊልም ብናየው ውሸት ነው እንል ነበር። እኔ ብሩስ ሊን ከማንም ጋር ላጋጥም ብል የምመርጥለት ይህን ሰው ነው፤ እንደሚሸነፍለትም አልጠራጠርም።

ይህን ካነበብሁ በኋላ «ኢንተር ዘ ድራገን» የተባለውን፥ ብሩስ ሊ በሞተ በወሩ ለሕዝብ የታየውን ፊልም እንደገና ከፍቼ አየሁ። ስንከራከርበት የነበረው የመስተዋቱ ክፍል ውስጥ ያለውን ውጊያ ነው፤ የመጀመሪያውን ትዕይንት ማንም አላስታወሰውም። በዚያ ላይ ብሩስ ሊ እንደ ልማዱ ባዶ እጁን አይደለም። ቁምጣ ታጥቆ፥ ዛሬ ተፋላሚዎች የሚያጠልቁትን የሚመስል ጣቶቹ ክፍት የሆነ ጓንት አጥልቆ፥ ከርሱ እጅግ የሚወፍረውን ሳሞ ሁንግን ይገጥማል። ፍጻሜውም በእርግጫ አይደለም። መሬት ላይ ጥሎት ክንዱን ይቆልፍበታል፤ ሳሞ ሁንግም በቃኝ ለማለት መሬቱን በእጁ ይመታል። በ1973 ዓ.ም. በሲኒማ ቤት ከተቀመጠው ሕዝብ አብዛኛው ያ መሬት መምታት ምን ማለት እንደ ሆነ ያወቀ አይመስለኝም።